የራዲያተሩ ውሃ

ደባርቅ ውስጥ ሾፌር ሁሉ በመኪናዬ የሚቀናብኝ ስለማትሞቅ ነበር። አሮጌ ናት። ነጩ ቀለሟ ተላልጧል፤ የኋላ በሯ በዳሌ ካልተገፋ አይዘጋም። ግን ዳገት ብትወጣ፣ ዳቦ እስከ ጣሪያዋ ብትጫን የሙቀት መርፌዋ ከታች ንቅንቅ አትልም። የሊማሊሞን ዳገት ሲወጡ ራዲያተራቸው እየፈላ መንገድ ዳር የሚቀሩትን መኪኖች ላየ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። "እታለም፣ ተመስገን በዪ" ይሉኝ ነበር፤ "ያንቺዋ የሰሜን ልጅ ናት፤ ላብ አታውቅም።"

ጉድለቷ አንድ ነበር። ከመሪው ፊት ለፊት፣ የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል፤ ከበራ አይጠፋም።

ብዙነሽ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አጋሮ ነው፤ ደባርቅ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ በሕመም ሲያርፍ ዘመዶቼ "ተመለሽ" አሉኝ። የዳቦ ምድጃዬ እዚህ ቆሞ፣ ደንበኞቼ እዚህ ሆነው፣ የሱም መቃብር እዚህ ሆኖ ወዴት ልሂድ? ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ የመኪናዋን ዘይትና ውሃ አይቼ፣ ዳቦዬን ጭኜ ወደ ዳባት እወርዳለሁ። በሩን ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ መቆለፉን ለማየት የምመለስ ዓይነት ሴት ነኝ። እንዲህ ላለ ሰው በርቶ የማይጠፋ መብራት ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ነው።

ጎንደር ወስጄ በኮምፒውተር አስነበብኋት። "የሙቀት ሴንሰር ነው" ብለው ቀየሩልኝ፤ መብራቱም ጠፋ። ደባርቅ በገባሁ በማግሥቱ መልሶ በራ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ብሄድ ሣቀብኝ፦ "አምፖሏን ልንቀልልሽ? መብራት ከሌለ ችግር የለም።" ሌላው ደግሞ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት። ከግቢው ሳልወጣ ላጥሁት። መብራቱን ማን ጠላው? እኔ የፈለግሁት ያበራውን ነገር ነው።

እንዲህ ስንከራተት ነው ጋሻው ዘንድ የደረስሁት።

ጋሻው የበየዳ ተወላጅ ነው፤ ያኔ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ነገር ሁሉ የሚያሥቀው ሰው ነበር። ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። ከከተማው አይወጣም። ምክንያቱን ደባርቅ ሁሉ ያውቀዋል። ታላቅ ወንድሙ በየዳ ውስጥ በግጦሽ ድንበር ነገር ተጣልቶ ፈንታ የሚባል ጎረቤቱን ገደለና ወደ ቆላ ጠፋ። ገዳይ ሲጠፋ ደሙ ወንድሙን ይፈልጋል። የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ የሰዉ ነው፤ ግን ከመንግሥቱ ይልቅ የሚከበረው እሱ ነው። የፈንታ ታናሽ ወንድም አበጀ ይባላል። "ጋሻውን የትም ባገኘው" ብሎ የተናገረውን ሰው ለሰው እየተቀባበለ ከጋራዡ ድረስ አድርሶታል።

"መቼ መቼ ነው የሚበራው?" አለኝ ጋሻው ያን ቀን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ከከተማ ወጥቼ ቁልቁሉን ትንሽ እንደ ነዳሁ። እዚህ ቆማ ስትሠራማ እንደ ቅዱስ ሰው ዝም ነው።"

"እንግዲያ አብሬሽ ሄጄ ካላየሁት አላውቀውም።"

"አንተ ደግሞ ከከተማ አትወጣም።"

"እወጣለሁ እንጂ!" ብሎ ሣቀ። "አልሰማሽም? ሽማግሌ ገብቷል። አባ ይትባረክ ራሳቸው በየዳ ድረስ ወጥተው አበጀን አስምለውታል። እስከ እርቁ ቀን ላይገድለኝ በመስቀል ምሏል።"

"እርግጠኛ ነህ፣ ጋሻው?"

"አይ እታለም! የኛ አገር ሰው ሰው ይገድል እንደሆን እንጂ በመስቀል ምሎ አይከዳም።"

በማግሥቱ ጠዋት ተነሣን። የጽጌ ጾም ነው፤ ገብሱ ማሳ ላይ ገርጥቷል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሻው ግን መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ይሄዳል። የሚያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፦ ገበሬውን፣ በግ የሚነዳውን፣ አንዴም በቅሎ ሰላም አለ። "ጉንፋን ይይዝሃል፣ ዝጋው" አልሁት። "እታለም፣ ጉንፋኑም ናፍቆኛል" አለ።

ዳባት ሳንደርስ፣ ከአንዱ ኩርባ እንዳለፍን፣ መብራቱ በራ።

"ይኸው!" ብዬ ጮህሁ።

"እሰይ! ዳር ያዢ። ሞተሩን እንዳታጠፊው።"

ዳር ያዝሁ። ወርዶ የሞተሩን ኮፈን ከፈተና በብረቱ ደገፈው። መሣሪያውን መሬት ላይ ዘረገፈ። ከዚያ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቧንቧ በባዶ እጁ ጨበጠና ጭብጥ እንዳደረገ ዞሮ አየኝ።

"ነይ። እጅሽን አምጪ።"

"ያቃጥላል!"

"ነይ እንጂ።"

በስመ አብ ብዬ ነካሁት። ለብ ብሏል። ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ያህል እንኳ አይሆንም።

"ይህን ሁሉ መንገድ የተነዳ መኪና ቧንቧ በእጅ አይነካም፤ ያቃጥላል" አለ። "ተርሞስታት የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። ያንቺ የለም። መኪናዋን ከቆላ ሰው ነው የገዛሻት አይደል? ቆላ ያለ መካኒክ እንዳትፈላ ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። እዚያ ያዋጣል። እዚህ ብርድ ላይ ሲመጣ ሞተሩ በጭራሽ አይሞቅም። ሰው ሁሉ ተመስገን በዪ ሲልሽ፣ ይቺ ምስኪን ግን በመብራቷ በረደኝ በረደኝ ነው የምትል።"

ሣቅሁ። ለስንት ጊዜ ሲያንገበግበኝ የነበረው ነገር ይህ ብቻ! ጋሻው የቧንቧውን ማሠሪያ ሊያይ ጎንበስ ብሎ ከኮፈኑ ሥር ገባ። እኔም ከመኪናዋ ጎን ቆሜ እየሣቅሁ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"እንደምን አደርሽ፣ እናቴ። ሞቀችብሽ?"

ዞርሁ። ጋቢ ያጣፋ፣ ጠመንጃ ከጀርባው ያንገተ፣ ሽመል የያዘ ረጅም ሰው ነው። ከዳባት በኩል በእግሩ ይመጣል። ፊቱ ጨዋ ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ። አይ፣ አልሞቀችም፤ ትንሽ ነገር ነው።"

"ብቻ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ። እኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበርሁ።" እጅጌውን ሰበሰበ። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ቆዳው እንደ ቀለጠ ፕላስቲክ ተጨማዶ ያብለጨልጫል። "ይኸውልሽ። ክዳኑን በከፈትሁበት ቅጽበት ነው። ቆዳዬ ከነእጅጌዬ ነው የተገፈፈ።"

"ውይ፣ በስመ አብ!"

በዚህ ጊዜ የጋሻውን እጅ አየሁ። ከኮፈኑ ሥር፣ ቧንቧው ላይ እንዳለ ደርቋል። ጣቶቹ አይንቀሳቀሱም። ሰውየውም አየው።

"አንተ መካኒኩ፣ ምነው ዝም አልህ? ላግዝህ?"

ጋሻው ከኮፈኑ ሥር ሳይወጣ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እንደምን አደርህ፣ አበጀ" አለ።

ሰውየው ሽመሉን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረው። የሚሰማው የመኪናዬ ሞተር ብቻ ነበር።

"ፈንታ አፈር ውስጥ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "አንተ ግን በመኪና ትሽከረከራለህ። ከሴት ጋር ትሣሣቃለህ።"

"ሽማግሌ ገብቷል፣ አበጀ። ምለሃል።"

"ምያለሁ። ላልገድልህ ምያለሁ።"

ቃሉን ሳይጨርስ ሽመሉ ወረደ። የመጀመሪያው ምት ያረፈው ኮፈኑን የደገፈው ብረት ላይ ነው። ኮፈኑ ጋሻው ጀርባ ላይ ወደቀና ወገቡ ድረስ ሞተሩ ላይ አጣበቀው። ሁለተኛው ጭኑ ላይ፣ ሦስተኛው ጉልበቱ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወዲያ አልቆጠርሁም። እንጨት ሥጋን ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ዓይነት ነበር፤ እርጥብ ልብስ በድንጋይ ላይ ሲወቀጥ ያህል። ጋሻው አልጮኸም። አየር ፍለጋ ብቻ ያቃስታል። አንድ እጁ ወጥቶ የኮፈኑን ጠርዝ ያዘ፤ ሽመሉ ጣቶቹ ላይ ሲያርፍ ሲሰበሩ ሰማሁ።

"በማርያም! በእመብርሃን!" እያልሁ ጋቢውን ይዤ ተንጠለጠልሁ። እንደ አቧራ አራገፈኝ። አፌ ከመኪናዋ የፊት ብረት ጋር ተጋጨ። ጨው ጨው አለኝ፤ ምላሴ ላይ አንድ ጥርሴ ተንከባለለ።

ቀና ስል አበጀ ኮፈኑን ከፍቶ በትከሻው ደግፎታል። የጋሻውን ማጅራት በግራ እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ራዲያተሩ ይገፋል። ቀኝ እጁን በጋቢው ይጠቀልላል። ሊያደርግ ያሰበው ገባኝ።

"አልገድልህም" ይለዋል በጆሮው፣ እንደሚያባብል ሰው። "ስለ ዓይንህ ግን በመስቀል አልማልሁም።"

ከእግሬ ሥር የጎማ መፍቻው ወድቆ ነበር። አነሣሁት። እወቁልኝ፣ እኔ በግ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። በሁለት እጄ አንሥቼ ሰነዘርሁ። አበጀ በዚያው ቅጽበት ጎንበስ በማለቱ ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንት ሲያገኝ መዳፌ ድረስ ነዘረኝ። እሱ ግን ዞሮም አላየኝ፤ ክዳኑን ጠመዘዘው።

ክዳኑ ወለቀ። አበጀ ከሚፈነዳው ውሃ ለመሸሽ ራሱን ወደ ኋላ ጣለ። ምንም አልፈነዳም። ትንሽ ውሃ ብቻ ተንተፋተፈ። በብስጭት ሽመሉን ከወፍራሙ ቧንቧ ሥር አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ፈነቀለው። አሮጌው ጎማ ከአንገቱ ተቀደደ። ሞተሩ እየሠራ ነውና ውሃው እየገፋ ወጣ፤ ዝገት የለበሰ ቀይ ውሃ፣ በጋሻው ግንባር፣ በዓይኖቹ፣ በአፍንጫው ላይ ፈሰሰ። አበጀ ፊቱን ከሥሩ አልለቀቀውም።

ያኔ ነው ጋሻው የጮኸው። ያን ጩኸት ምን ላድርገው! ሰው ዓይኑ ሲፈስ የሚጮኸው ጩኸት ነበር። አበጀ ጥርሱን ነክሶ ይገፋዋል፤ ዓይኖቹ ያበራሉ፤ አፉ ተከፍቷል።

ከዚያ ጩኸቱ ቆመ።

ጋሻው ዓይኑን ገለጠ። ቀይ ውሃ ከሽፋሽፍቱ እየተንጠባጠበ፣ በደህና ዓይኑ፣ አበጀን ትክ ብሎ አየው። አበጀም የገዛ እጁን አየ። ጋቢው ተፈትቶ እጁ በፈሰሰው ውሃ ርሷል፤ ያ የተቃጠለው እጅ። አዟዙሮ አየው። ሞተሩ ይሠራል። እጁ አልተቃጠለም።

"ገብርኤል..." አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ እየጮኸ፦ "ገብርኤል አበረደው! እንደ ሠለስቱ ደቂቅ! ገብርኤል አበረደው!"

አስፋልቱ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ግንባሩን መሬት እየመታ ያለቅሳል። ከዚያ ተነሥቶ ሽመሉን እንኳ ሳይወስድ ገብሱን እየረገጠ በማሳው ውስጥ ሮጠ።

እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሻው መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት የተጣመሙ ጣቶቹን ያያል። "እታለም" አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ተርሞስታቱን ገጥሜልሽ ቢሆን ኖሮ..." አልጨረሰውም። ማስመለስ ጀመረ።

በአላፊ የጭነት መኪና ሐኪም ዘንድ ወሰዱን። ሁለት ጎድን፣ ሁለት ጣት፤ የኔም አንድ ጥርስና የተሰነጠቀ ከንፈር። እኛ ገና ተሠፍተን ሳንጨርስ ወሬው ከደባርቅ አልፎ ተራራው ላይ ካለችው ጨነቅ ደርሷል አሉ። ተአምር ሆነ። የፈላ ውሃ ፊቱ ላይ ሲደርስ በረዶ ሆነ ተባለ። በረዶ! አልጋው ዙሪያ እልልታ ነው። ጋሻው አንዴ ለአንዱ ነገሩን ለማስረዳት ሲሞክር "ዝም በል፣ ጸጋህን አትግፋ" ተብሎ ተገሠጸ፤ ከዚያ ወዲያ አልሞከረም።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የማላውቃት ሴት ናት፤ ጠርሙስ ይዛለች።

"እናቴ፣ ከራዲያተሩ የተረፈ ካለ ጠብታ ስጪኝ። ወላጅ እናቴ ዓይኗ አያይም፤ ላጥባት።"

"እህቴ፣ የዛገ ውሃ ነው! ያሳውራታል!"

"እምነት ካለሽ ምን ያደርጋል?" አለችኝ፣ በሐዘን እያየችኝ።

ከሷ ኋላ ሌሎች ሁለት ነበሩ። ሦስቱንም መለስኋቸውና በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ጌታዬ ሆይ፣ አልሁ፣ ሰው ይህን ሊጠጣው ነው።

የእርቁ ቀን በሳምንቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ የበየዳና የደባርቅ ሽማግሎች ተቀመጡ። በአንድ በኩል የፈንታ ወገን፣ በሌላው የጋሻው ወገን። ጋሻው እንደ ወጉ ከመሀል ተንበርክኮ፣ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። የታሠሩት ጣቶቹ ድንጋዩን ደግፈዋል። አበጀ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሽመል ይዟል፤ ሌላ ሽመል።

ቃሉን አስቀድሞ ለአባ ይትባረክ ሰጥቶ ነበር፦ "ገብርኤል ፈርዶ ከሆነ እኔ ማነኝ? ያቺ የዳቦዋ ሴት ነበረች። ውሃው የፈላ ነበር ብላ በመስቀል ፊት ካጸናችልኝ የወንድሜን ደም እተዋለሁ።" ካላጸናችለትስ? ይህን ማንም አልጠየቀውም። ከእርቁ ቀን ወዲያ መሐላው እንደማይዘው ግን ሁሉም ያውቃል።

ወደ መሀል ሳልገባ ከሽማግሎቹ አንዱ፣ አያ ተሰማ፣ ነጠላዬን ሳብ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት። 'አዎ' ብለሽ ተቀመጪ።"

"በመስቀል ፊት፣ አያ?"

"ንስሐ አለ አይደል? አንቺ ንስሐ ትገቢያለሽ። የሞተ ሰው ግን በምን ይመለሳል?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልሁም። ያኔም ነጠላዬን ከእጃቸው ስቤ አለፍሁ። ጋሻውን ዓይን ዓይኑን ለማየት ፈለግሁ፤ ከድንጋዩ በታች የሚታየኝ ማጅራቱ ብቻ ነበር።

አባ ይትባረክ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምሁ። ሌሊቱን ሁሉ "አዎ" ማለትን ተለማምጄ ነበር የመጣሁት። "አዎ" በጣም አጭር ቃል ናት።

"ልጄ ብዙነሽ" አሉ፣ "አምላክ በሚያውቀው ተናገሪ። ያን ቀን ውሃው የፈላ ነበር?"

"አባቴ" አልሁ፣ "አልፈላም ነበር።"

ከሴቶቹ ወገን "ወይኔ!" የሚል ድምፅ ወጣ። አያ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ።

"መኪናዬ አትሞቅም፣ አባቴ። ውሃውን እስኪሞቅ የሚዘጋው ዕቃ ከውስጧ ወጥቷል። ጋሻው ያን ጠዋት ያሳየኝ እሱን ነበር። ይህ ሰው ከመምጣቱ በፊት በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ለብ ያለ ነው። ገብርኤል ቢፈልግ እሳት ያበርዳል። ያን ቀን እኔ ያየሁት ግን የዛገ ውሃ ነው። ሰዎች ሊጠጡት ከቤቴ ደጃፍ መጥተዋል፤ እባክዎ ይከልክሉልኝ።"

አበጀ ተነሣ። የፈንታ ወገን ወንዶችም አብረውት ተነሡ። ሽመሉን እየጎተተ፣ ጫፉ ጠጠሩ ላይ እየተንኳኳ፣ ጋሻው አጠገብ ደርሶ ከአንገቱ በላይ ቆመ። ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል። አባ ይትባረክ መስቀላቸውን ይዘው ሲነሡ አበጀ በእጁ "ቆይ" አላቸው።

"አንቺ እንዳልፈላ ታውቂ ነበር?" አለኝ፣ ዞሮ ሳያየኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እሱስ?"

"እሱም። በፍርሃት ነው የጮኸ።"

"እኔስ?"

"አንተማ... አላወቅህም።"

"አላወቅሁም" አለ። ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። "እንግዲያ ስሙኝ። እኔ የፈላ ውሃ ነው ያፈሰስሁ። ይህን እጄን እዩ፤ የፈላ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ከኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ሲጮህ ዓይኑ ፈሰሰ ብያለሁ። ፈሰሰ ስል... ደስ አለኝ።" ዓይኑን ከአባ ይትባረክ አሸሸ። "ይህን ለአባ መናገር አፍሬ ነው ገብርኤል፣ ገብርኤል ስል የሰነበትሁ።"

ሽመሉን ጣለው።

"የፈንታን ደም ያን ቀን ወስጃለሁ። እጄ ወስዶታል። ሁለት ጊዜ መውሰድ ሌብነት ነው።"

ጎንበስ ብሎ በዚያ በተጨማደደ እጁ ድንጋዩን ከጋሻው አንገት አነሣና ወደ ጎን ወረወረው። እርግጠኛ ነኝ፣ ከዚያ ስብሰባ ውስጥ አበጀ ያለው ነገር በደንብ የገባው ለእኔ ነበር። እኔም መፍቻውን ያነሣሁት ትከሻውን ለማግኘት አልነበረም።

የቀረውን ሽማግሎቹ ጨረሱት። መሐላው ተፈጸመ፣ ሁለቱ ወገን አብሮ ቆረሰ፣ አበጀም በዚያው ወደ በየዳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የጋሻው ጣቶች ሲድኑ ተርሞስታቱን ከጎንደር አስመጥቶ ገጠመልኝ። ተነዳች። መርፌዋ ከታች ተነሥታ መሀል ላይ ቆመች። መብራቱ አልበራም። ደስታዬን ላካፍለው ዞር ስል ጋሻው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መንገዱን ያያል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "ለምን አልዋሸሽም?"

"በመስቀል ፊት እንዴት እዋሻለሁ፣ ጋሻው? ደግሞስ በደህና ወጣህ እኮ።"

"ወጣሁ። ግን ድንጋዩ ሥር ሆኜ ያ ሽመል ጠጠሩ ላይ ኳ፣ ኳ እያለ ሲመጣ..." ሣቀ፤ ግን የድሮው ሣቁ አልነበረም። "እታለም፣ እውነቱ ያንቺ ነበር፤ አንገቱ ግን የኔ ነበር።"

አቀርቅሬ ቆምሁ። እሱም ኮፈኑን ዘጋው።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች "አየሽ፣ እውነት ያወጣል" ይሉኛል። አንባቢዎቼ፣ እናንተም ይህን ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉት እለምናችኋለሁ። እውነት ያወጣው አበጀ የዚያን ቀን ያንን ቃል ስለተናገረ ነው። ባይናገረውስ? ሽመሉን አንሥቶ ቢሆንስ? እኔ ቤቴ ገብቼ፣ ሻማዬን አብርቼ፣ ንጹሕ ምላስ ይዤ እጸልይ ነበር፤ ጋሻው ግን አፈር ውስጥ ነበር። ቀድሞ እውነት መናገር በኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በሬን ዘግቼ እንደምጸልየው ጸሎት። አሁን እውነት ስናገር በማን አንገት ላይ ቆሜ እንደምናገር ዝቅ ብዬ አያለሁ።

እዋሻለሁ ማለቴ አይደለም። ያ መስቀል ዛሬም ቢዘረጋልኝ የምመልሰው ያንኑ ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግን ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ ወደ ጋሻው እሄዳለሁ። ሽማግሎቹ ይጠብቁ። ከአጠገቡ እንበረከካለሁ፣ ጉንጬን ከመሬት አስጠግቼ ከድንጋዩ ሥር ዓይኑን እፈልጋለሁ፣ "ጋሻው፣ እውነቱን ልናገር ነው" እለዋለሁ። "እሺ" ይበለኝ፣ ወይም ይርገመኝ። ብቻ መጀመሪያ የሚሰማው ለሌላ ሰው ስናገረው አይሁን።